ወደ ደብረ ማርያም ደሴት የሚሄድ የገበሬ ማኅበር መሪ ምን አይቶ ይመለስ?

የገበሬ ማኅበር መሪዎችን ለልምድ ልውውጥ ወደ ሌላ ወረዳ መውሰድ የቆየ አሠራር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው የችግኝ ጣቢያ፣ የመስኖ ቦይ ወይም የከብት ማድለቢያ ነው። አስጎብኚው ይናገራል፣ ጎብኚው ራሱን ይነቀንቃል፣ ምሳ ይበላል፣ አበል ይከፈላል፣ መኪናው ወደ መጣበት ይመለሳል። ጉብኝቱ ባልከፋ። ነገር ግን የታየው ነገር በሌላ ሰው በጀትና በሌላ ሰው ባለሙያ የተሠራ ስለሆነ የእኛው መሪ «እኛ ዘንድ ይህ ከየት ይመጣል» ብሎ እዚያው ትቶት ይመጣል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ፣ የቢቸናና የሞጣ አካባቢ መሪዎች አንድ ጊዜ እንኳ ባሕር ዳር አጠገብ ዓባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣበት አፍ ላይ ወዳለችው ደብረ ማርያም ደሴት ቢሄዱ ከብዙ ማሳያ ጣቢያ የበለጠ ይጠቀማሉ የሚል ነው። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የተቋቋሙት የገበሬ ማኅበራት ሥራ ዛሬ በቀበሌ አስተዳደርና በኅብረት ሥራ ማኅበራት የተከፋፈለ መሆኑ ይታወቃል። ሆኖም በገጠሩ «ገበሬ ማኅበር» የሚለው ስም ከሰው አፍ ስላልጠፋ በዚሁ ስም እንቀጥላለን።

ደሴት ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ዓባይ ሰከላ ላይ ከግሽ ምንጭ ተነሥቶ ጣና ይገባል፤ ከጣና ባሕር ዳር ላይ ይወጣና በሞጣ በኩል አድርጎ፣ በእነብሴ ሥር አልፎ፣ ደጀንን ዞሮ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። በካርታ ላይ ላየው ሰው ጎጃም ራሱ ወንዝ የከበበው አገር ነው። ልዩነቱ ደብረ ማርያም ላይ የቆመ ሰው ዳር ድንበሩን በዓይኑ ማየቱ ነው። መሬቱ የት እንደሚያልቅ ያውቃል። እኛ ግን ሰፊ አገር ያለን እየመሰለን ስንት ማሳ በጎርፍ ሲሄድ ቆጥረን አናውቅም።

ስለ ደሴቲቱ ጥቂት እንበል። ገዳሙ በ14ኛው መቶ ዓመት በአፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን እንደ ተመሠረተ ይነገራል። ደብረ ማርያም ግን እንደ አንዳንዶቹ የጣና ደሴቶች የመነኮሳት መኖሪያ ብቻ አይደለችም፤ የሚያርሱ፣ ፍራፍሬ የሚተክሉ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ ቤተሰቦች ይኖሩባታል። ከከተማው ዳርቻ በጀልባ ጥቂት ደቂቃ ነው። በደንገል የተሠራው ታንኳ እስከ ዛሬ ከውሃው ላይ አልጠፋም። ዓባይ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ይታያል፤ የውሃ አዕዋፍ ብዛት ደግሞ የከተማውን ሰው ሳይቀር ያስቆመዋል። በ2007 ዓ.ም. ጣናና አካባቢው በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል።

ከጣና ደሴቶች መካከል ይህችን የመረጥንበት ሌላም ምክንያት አለ። ክብራን ገብርኤል ለሴቶች የተከለከለ ገዳም ነው፤ ደብረ ማርያም ግን ሴቶችም የሚገቡባት ናት። የገበሬ ማኅበር ጉብኝት በተባለ ቁጥር የሴቶች ተወካዮች ቤት ቀርተው ወንዶቹ ብቻ ሲሄዱ ኖረናል። ውሃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚለቅመው ማን እንደሆነ እየታወቀ ስለ ውሃና ስለ ደን ሊማሩ የሚሄዱት ሌሎች ናቸው። ቦታው ሲመረጥ ይህ ቢታሰብበት ቢያንስ ሰበብ አይኖርም።

እንግዲህ መሪው እዚያ ደርሶ ምን ይይ? ሐይቁ ውብ ነው፣ ዛፉ ለምለም ነው ማለት ለማንም አይከብድም። ውበቱ ይታይ፤ ሰው ደክሞ ሲሄድ ዓይኑ ማረፉም ነውር አይደለም። ግን ከዚያ በኋላ የደሴቲቱን ገበሬ ይዞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የማገዶ እንጨት ከየት ይመጣል? ከብቱ ስንት ነው፣ ማን ወሰነው? አንድ ልጅ አግብቶ ጎጆ ሲወጣ መሬት ከየት ያገኛል? የቤተ ክርስቲያኑን ዛፍ የቆረጠ ሰው ምን ይደርስበታል፣ የሚዳኘውስ ማን ነው? ውሃ የከበበው ሰው እነዚህን ጥያቄዎች ለነገ ሊያሳድራቸው አይችልም። እኛ ዘንድ ከብቱ ሣር ሲያጣ ወደ ሚቀጥለው ጋራ ይነዳል፤ ጋራው ሲራቆት ወደ ሌላው። እዚያ የሚቀጥለው ጋራ የለም።

ሁለተኛው መጠየቅ ያለበት የገንዘቡ ነገር ነው። ጎብኚ ከሩቅ አገር መጥቶ ጀልባ ይከራያል፣ መሪ ይይዛል፣ መግቢያ ይከፍላል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል። ከዚህ ሁሉ ገንዘብ ለጀልባው ስንት፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ስንት፣ በደሴቲቱ ላይ ለሚያርሰው ሰው ስንት ይደርሳል? ሒሳቡን ማን ይይዘዋል፣ ለማንስ ይነበባል? መሪው መልሱን በቃል ብቻ ሰምቶ ባይመለስ ይመረጣል፤ መዝገብ ካለ መዝገቡን ማየት ነው። በ1960 ዓ.ም. የግብርና ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣና የቢቸና ገበሬ መሬት ይለካል፣ ርስት ይነካል ብሎ ፈርቶ መነሣቱን አባቶቻችን ያስታውሳሉ። ስለ ገንዘብና ስለ መሬት አጥብቆ መጠየቅ ለዚህ አገር ገበሬ አዲስ ትምህርት አይደለም።

ሦስተኛው የውሃው ነገር ነው። ከደሴቲቱ ብዙ ሳይርቅ የዓባይን አወጣጥ የሚቆጣጠረው የጨራ ጨራ ግድብ አለ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ከተሠራ ወዲህ ሐይቁ የሚወርድና የሚነሣው በዝናብ ብቻ ሳይሆን በሰው ውሳኔም ሆኗል፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴም እንደ ቀድሞው በየዕለቱ በሙሉ ኃይሉ አይወርድም። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ ታይቶ በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ገበሬውንና ዓሣ አጥማጁን አስጨንቋል። አረሙን ከሚመግቡት ነገሮች አንዱ ከማሳ ታጥቦ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ ነው። በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኙ የጣና ዓሣ ዘሮች አሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። ወንዙ በደለል ሲሞላ የዓሣው መንገድ ይዘጋል። ይህን ሁሉ ዓሣ አጥማጁ ከማንኛውም ባለሙያ አሳምሮ ይነግረዋል፤ መሪው ከሐይቁ ዳር ተቀምጦ ቢሰማው የራሱን ማሳ ማሰቡ አይቀርም።

በዓለም ላይ ሰው ከሚኖርባቸው ትልልቅ የወንዝ ደሴቶች አንዷ ማጁሊ የተባለችው፣ በሕንድ አገር በአሳም ክፍለ ሀገር በብራህማፑትራ ወንዝ መሐል ያለችው ናት። እርሷም እንደ እኛዎቹ በገዳሞቿ የታወቀች ናት። ሳትራ የሚባሉት እነዚህ የሂንዱ ገዳማት መዝሙርን፣ ጭፈራን፣ የጭንብል ሥራን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ሰው ከሩቅ እየሄደ ያያታል። በ2016 እ.ኤ.አ. ራሷን የቻለች ወረዳ እንድትሆን ተደርጓል፤ በሕንድ እንዲህ ያለ ማዕርግ ያገኘች የመጀመሪያዋ የወንዝ ደሴት ናት። የማይነገረው ነገር ግን ማጁሊ እየተበላች መሆኗ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ከ1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ እንደ ነበረች የሚነገርላት ደሴት ዛሬ ከግማሽ በታች ቀርታለች። በ1950 እ.ኤ.አ. ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ የወንዙ ወለል በደለል ከፍ ካለ ወዲህ ውሃው በየክረምቱ ዳርቻዋን እየገመሰ ይወስዳል። ከገዳማቱም አንዳንዶቹ ቦታቸውን ለቀው ወደ ማዶ ተሻግረዋል።

በዚያው አካባቢ የሚኖር ጃዳቭ ፓዬንግ የሚባል ገበሬ አለ። በ1979 እ.ኤ.አ. ገና ወጣት ሳለ ከማጁሊ አጠገብ ዛፍ በሌለበት የወንዝ አሸዋ ላይ ቀርከሃ መትከል ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሳያቋርጥ ሲተክል ከ500 ሄክታር የሚበልጥ ደን ወጣ፤ ዝሆን ሳይቀር የሚመጣበት ሆነ። በ2015 እ.ኤ.አ. መንግሥቱ የክብር ሽልማት ሰጥቶታል። ይህን የጠቀስነው አንድ ሰው ብቻውን አገር ያድናል ለማለት አይደለም፤ ያ ሁሉ ደን ወጥቶም ማጁሊ አሁንም እየተበላች ነው። የእኛ አገር ዘመቻ ብዙ ሺህ ችግኝ በአንድ ቀን ይተከልና በሚቀጥለው ጥር ስንቱ እንደ ጸደቀ የሚቆጥር ሰው ሲጠፋ ስላየን ነው። ፓዬንግ የተከለውን እየዞረ የሚያይ ሰው ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከላይ ቆሟል፤ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ሰዴ ሌሎችም ከዚያ ወርደው ዓባይ ይገባሉ። ጅብራና አስታ የነበረበት ቁልቁለት ለድንችና ለገብስ እየታረሰ ወደ ላይ ወጥቷል። ክረምት ሲገባ የሱሃን ውሃ ቀለም ያየ ሰው አፈሩ ከየት እንደ መጣ አይጠይቅም። ቀድሞ ይህ አፈር ሱዳንና ግብፅ ይወርድ ነበር፤ አባቶቻችንም ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ሲሉ ኖሩ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ግን ነገሩ ተለውጧል። ዓባይ ማደሪያ አገኘ፤ ንጋት በተባለው ሐይቅ ውስጥ የቀድሞ ኮረብታዎች ደሴት ሆነው ቆመዋል። ከጮቄ የሚታጠበው አፈርም ከእንግዲህ አብዛኛው የሚተኛው በራሳችን ግድብ ውስጥ ነው። የቢቸና ገበሬ አፈሩንም ያጣል፣ ለሠራው ግድብ ያዋጣውንም ያሳጥራል።

እርከን ይጠቅማል አይጠቅምም የሚል ክርክር በየስብሰባው ይነሣል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም ደምበጫ ወረዳ አንጀኒ ላይ የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ይህን ለዓመታት ሲለካው ኖሯል። አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይ እየተጣለ የሚሠራው ፋንያ ጁ የተባለው እርከን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተዳፋቱን ማሳ ወደ ደረጃ ለውጦታል። በእርግጥ ገበሬው እርከን መሬት ይወስድብኛል፣ በሬ ማዞሪያ ያሳጣኛል ማለቱ ሐሰት አይደለም። ስለዚህ ርቀቱንና ስፋቱን ከማሳው ባለቤት ጋር ሆኖ መወሰን ይሻላል፤ ከላይ በታዘዘ ልክ የተሠራ እርከን በሚቀጥለው ዓመት ሲፈርስ ሁላችንም አይተናል።

ጎብኚን በተመለከተ ቢቸናና ሞጣ ደብረ ማርያምን የሚያስቀና ነገር አላቸው። ከቢቸና ብዙ ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ስሙን ያላነበበ የተማረ ሰው የለም። ያንን መጽሐፍ አንብቦ የዲማን አፈር ለመርገጥ የሚመኝ ኢትዮጵያዊ በአዲስ አበባም በውጭ አገርም እጅግ ብዙ ነው። ቢመጣ የት ያድራል? የሚበላው ምን አለ? የመጽሐፉን አገር ማን ያሳየዋል? መርጡለ ማርያም ደግሞ እቴጌ እሌኒ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ16ኛው መባቻ ላይ ያሠሩት ሕንፃ ፍርስራሽ፣ በድንጋይ ላይ የተቀረጸው ጌጡ እስከ ዛሬ ይታያል።

ሞጣም ሰባራ ድልድይ አለው። በ17ኛው መቶ ዓመት በአፄ ፋሲል ዘመን ጎጃምንና በጌምድርን ለማገናኘት በዓባይ ላይ የተሠራው ይህ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን መሐሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሰው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚሻገረው በገመድ ታስሮ፣ ከዚህም ከዚያም የቆሙ ጉልበተኞች እየጎተቱት ነበር። ነጋዴው እህሉን፣ እናት ልጇን ይዛ በዚያ ገመድ ተንጠልጥለዋል። የዚህ ፎቶግራፍ ባሕር ማዶ ታትሞ ከታየ በኋላ በ1994 ዓ.ም. በበጎ አድራጊዎች እርዳታና በአካባቢው ሰው ጉልበት ድልድዩ ተጠገነ፤ ጥቂት ክረምት ሳይቆይ የዓባይ ሙላት ጥገናውን ወሰደው፤ ኋላም ሌላ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሥፍራ በሌላ አገር ቢሆን ዳርቻው ላይ የውሃ መጠጫና የጥላ ማረፊያ በቆመ ነበር። ገመድ ይጎትቱ ከነበሩት ሰዎች በሕይወት ያሉት ተፈልገው ታሪኩን ለመንገደኛ ቢናገሩ ከማንኛውም ጽሑፍ ይበልጣል። ቤተሰቦቻቸው በቅሎ ቢያከራዩ፣ እንጀራና ጠላ ቢያቀርቡ ገንዘቡ እዚያው ይቀራል። ይህ በአንድ ማኅበር ብቻ የሚሆን አይደለም፤ ወንዙ ሁለት ዳር ስላለው ከደቡብ ጎንደር ማኅበራት ጋር አብሮ መቀመጥን ይጠይቃል።

አንዳንድ ሰዎች ጉብኝት የከተሜ ጨዋታ ነው፣ ገዳምንም ገበያ ማድረግ ነው ይላሉ። የመጀመሪያው ነቀፌታ ሚዛን የለውም። የጎጃም ገበሬ ለንግሥ፣ ለስለት፣ ለገበያ ቀናት ተጉዞ አገር ያየ ሰው ነው። ሁለተኛው ግን ሊታሰብበት ይገባል። ለገዳም የሚሆነውን የሚወስነው ገዳሙ ነው፤ ማኅበሩ የሚወስነው በመንገዱ፣ በማረፊያው፣ በበቅሎውና በምግቡ ላይ ነው። ድንበሩ ከወዲሁ ካልተለየ ጎብኚው ሳይመጣ ጠቡ ይመጣል።

ጎብኚ ደግሞ ባዶ ጋራ ለማየት አይመጣም። በየደብሩ ዙሪያ የቀረው ጽድ፣ ወይራና ዝግባ የአገራችን የጥንት ደን ቅሬታ ነው። ከዓባይ ማዶ በደቡብ ጎንደር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉት የደን ምሁር የአብያተ ክርስቲያናቱን ደን ለዓመታት አጥንተው፣ ከካህናቱና ከሕዝቡ ጋር ሆነው ደኑ ዙሪያውን በድንጋይ ካብ እንዲታጠር አድርገዋል። ድንጋዩ የተለቀመው ከአጠገቡ ካለው ማሳ ነው። ገበሬው ለማረሻው እንቅፋት የነበረውን ድንጋይ ተገላገለ፣ ደኑም ከብት እንዳይገባበት ታጠረ፤ ሲሚንቶ አልተገዛም። የሞጣ ሰው ይህን ለማየት ወንዙን መሻገር ብቻ ነው ያለበት።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የደረሰው ግጭት መንገዱን ለመንገደኛ ምን ያህል እንዳከበደው ለዚህ ገጽ አንባቢ አይነገርም። ስለዚህ የተባለው ሁሉ ሰው በሰላም ወጥቶ በሰላም በሚገባበት ጊዜ ነው። እስከዚያ ግን ማሰናዳት ይቻላል፤ ካብ ለመካብና የጸደቀ ችግኝ ለመቁጠር መኪና አያስፈልግም።

መንገዱ ሲከፈት ከቢቸና የሚነሣው ጉዞ በደብረ ወርቅ አድርጎ፣ በሞጣና በአዴት አልፎ ባሕር ዳር ይገባል፤ ከሞጣ ያለው ርቀት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጊዜው አውድማው ከተነሣ በኋላ፣ በጥር ለተፋሰስ ሥራ ሕዝቡ ከመውጣቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል። ከየማኅበሩ አንድ የሥራ አመራር አባል፣ አንዲት የሴቶች ተወካይ፣ መሬት ያልደረሰው አንድ ወጣትና አንድ ካህን ይሂዱ። አራቱም ለየራሳቸው የሚጠይቁትን ጥያቄ ከመነሣታቸው በፊት በጠቅላላ ጉባዔ ላይ ይቀበሉ፤ ተመልሰውም እዚያው ጉባዔ ላይ በየተራ ይናገሩ። የጉዞው ወጪ በዚያው ቀን ይነበብ፤ ወጣቱም ከካህኑ ቀድሞ እንዲናገር ይደረግ፤ አለዚያ ዝም ብሎ መቀመጡ አይቀርም።